ልጅ ኦፕራሲዮን ሲደጋገምበት ቤተሰብ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጄ ከንፈሩም ላንቃውም ተሰንጥቆ ነው የተወለደው። አሁን ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ከንፈሩ በስድስት ወሩ፣ ላንቃው በዓመት ከሦስት ወሩ ተሰፍቶለታል። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ እኛ ቤት ብዙ ስህተት ተሠርቷል። አንዱም በክፋት አልተሠራም። ሁሉም ለልጁ ከማዘን የመጣ ነው። ለመከላከል የከበደንም ለዚህ ነው። ክፉ ሰውን እምቢ ማለት ይቻላል። አያትን ግን እንዴት ብለው እምቢ ይሏታል?

በተመሳሳይ መንገድ ላይ ላላችሁ ወላጆች እንዲጠቅም አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

"ትንሽ ቢቀምስ ምን ይሆናል?"

የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ቀን ሳይነጋ ነው የተነሳነው። በዚያ ሰዓት ከኮዬ ታክሲ ስለማይገኝ ኮንትራት ይዘን ነበር። እኔ የልጁን ልብስ ሳዘጋጅ እማዬ ታቅፋው ተቀምጣለች። ሲያለቅስባት አንጀቷ አልቻለም። በቡና ስኒ ወተት ቀድታ ሦስት አራት ማንኪያ አቀመሰችው። እኔ አላየሁም። ሆስፒታል ደርሰን የማደንዘዣ ባለሙያው "ለመጨረሻ ጊዜ ምን ወሰደ? ስንት ሰዓት ላይ?" ብሎ ሲጠይቅ እማዬ አልዋሸችም። "አሁን ስንወጣ ትንሽ ወተት ሰጥቼዋለሁ ልጄ" አለችው። ቀጠሮው በሦስት ሳምንት ተራዘመ። ስንመለስ እማዬ ቃሊቲ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ያን ቀን ልጄን ያተረፈው የእሷ እውነት መናገር ነው። ልጅ ማደንዘዣ ሲወስድ ማሳሉና መዋጡም አብረውት ይተኛሉ። ሆዱ ውስጥ ያለው ወተት ወደ ላይ ቢመለስ የሚያግደው የለም፣ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የተለመደው ደንብ ይህ ነው፦ ምግብ፣ የላም ወተትና የቆርቆሮ ወተት ማደንዘዣው ሊሰጥ 6 ሰዓት ሲቀረው፣ የእናት ጡት ወተት 4 ሰዓት ሲቀረው፣ ንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል። ሐኪማችሁ ከዚህ የተለየ ካዘዘ የእሱን ያዙ።

የእኛ ጥፋት ለእማዬ "እንዳትሰጪው" ማለታችን ብቻ ነበር። ምክንያቱን አልነገርናትም። በሁለተኛው ጊዜ ባለቤቴ ቁጭ ብሎ በደንብ አስረዳት። ያን ሌሊት ስኒውን ደብቃ ስትጠብቀው ያደረችው እሷ ናት።

ሳልን መደበቅ

ወረፋ ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠች እናት ልጇ ሦስት ቀን ሲያስል እንደቆየ በጆሮዬ ነገረችኝ። "ከተናገርኩ ይመልሱኛል" አለች። ከሰበታ ነው የመጣችው። አልፈረድኩባትም። ሐኪሙ ግን ደረቱን ሲያዳምጥ አወቀው። ጉንፋን የያዘው ልጅ የአየር ቧንቧው ይቆጣል፤ ማደንዘዣ ላይ እያለ ትንፋሹ ሊታፈን ይችላል። ሳል፣ ትኩሳት ወይም ንፍጥ ካለ ከቤት ሳትወጡ ደውላችሁ ተናገሩ። የትራንስፖርቱም ብር ይተርፋል።

"በእኛ ነው በፈረንጅ?" ብሎ አለመጠየቅ

ከንፈሩ ከተሰፋ በኋላ "በ22 ክር ለማስወጣት ትመለሳላችሁ" ተባልን። ጥምቀት እየደረሰ ነበር። እኔ ጥር 22 ነው ብዬ ያዝኩ። እነሱ ያሉት ጃንዋሪ 22፣ ማለትም ጥር 14 ኖሯል። ስምንት ቀን ዘግይተን ደረስን። ክሩ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ነበርና ሲወጣ ልጄ እንዴት እንደጮኸ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። ካርድ ላይ 8:00 ተብሎ ተጽፎ ጠዋት 2 ሰዓት ሊሆን ይችላል። አሁን ሁልጊዜ የሳምንቱን ቀን አስጽፋለሁ። ማክሰኞ በእኛም በፈረንጅም ማክሰኞ ነው።

ልጁን መሸፈንና ጥፋተኛ መፈለግ

ስድስት ወር ሙሉ ልጄን በነጠላ ሸፍኜ ነው የዞርኩት። ታክሲ ውስጥ "እስቲ አሳይን" ሲሉኝ "ጉንፋን ይዞታል" እላለሁ። ሙቀት ነው፣ ከነጠላው ሥር ላብ በላብ ይሆናል። ሰው ፊት ላለመመገብ ስል መንገድ ላይ እያለን ሰዓቱ ያልፋል። ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ ደግሞ ጡት ስቦ መጥባት ስለማይችል ቀድሞውንም የሚያገኘው ጥቂት ነው። በአራት ወሩ ጤና ጣቢያ ሲመዘን 4 ኪሎ ብቻ ሆነ። ብዙ ሐኪሞች የከንፈር ኦፕራሲዮን ከመሥራታቸው በፊት ልጁ ቢያንስ 10 ሳምንት፣ 4.5 ኪሎና የደም መጠኑ (ሄሞግሎቢን) 10 እንዲሆን ይፈልጋሉ። የእኛ የዘገየው በኪሎው ነው። ኪሎውን ደግሞ ያሳነሰው በከፊል ነጠላዬ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት መጥታ አሳየችኝ። ወተቴን አልቤ በትንሽ ኩባያ፣ ልጁን ቀና አድርጌ፣ በቀስታ መስጠት። አየር ስለሚውጥ ቶሎ ቶሎ ማስገሳት። በሁለት ወር ውስጥ ጉንጩ ሞላ።

ጥፋተኛ ፍለጋውም ብዙ ቀን በላን። "ግርዶሽ አይታ ነው" አሉ። "እርጉዝ ሆና ቢላ ይዛ ነው" አሉ። እኔም ማታ ማታ ምን አጠፋሁ እያልኩ ቀን እቆጥር ነበር። የፅንስ ከንፈር የሚገጥመው በ4ኛውና በ7ኛው ሳምንት መካከል ነው። ላንቃው ከ6ኛው እስከ 9ኛው። እኔ ያኔ ማርገዜንም በቅጡ አላወቅኩም። ሲጋራ፣ አንዳንድ መድኃኒት፣ ያልተቆጣጠሩት ስኳር ዕድሉን ይጨምራሉ፤ ዘርም ድርሻ አለው። ብዙ ጊዜ ግን ይሄ ነው የሚባል አንድ ምክንያት አይገኝም። ግርዶሽ የለበትም። ቢላም የለበትም። የማንም እናት ጥፋት አይደለም፣ የእናንተም አይደለም።

ብር የለንም ብሎ መቅረትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ስማይል ትሬይን የተባለው ድርጅት በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ለከንፈርና ላንቃ መሰንጠቅ የሚሰጥ ነፃ ሕክምናን ይደግፋል። ትራንስፖርቱ፣ ምርመራውና ከሥራ መቅረቱ ግን ራሱን የቻለ ወጪ ነው። እኛ እቁባችንን በዚያ ወር እንዲደርሰን ለምነን አስቀየርን።

ጠያቂን ያለ መመሪያ ማስገባት

የላንቃው ኦፕራሲዮን ከከንፈሩ ይከብዳል። ስፌቱ አፍ ውስጥ ስለሆነ አይታይም። የማይታይ ቁስል ደግሞ ይረሳል። ለሦስት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ ተባልን። ቀጠን ያለ ቀዝቃዛ አጥሚት፣ የተጣራ ሾርባ፣ እርጎ፣ ሁሉም በኩባያ። ማንኪያ አፉ ውስጥ አይገባም፣ ጡጦ የለም፣ ስትሮው የለም። ከበላ በኋላ አፉን የሚያጥብ ትንሽ ውኃ። እጁን አፉ ውስጥ እንዳይከት ክርኑ እንዳይታጠፍ ተደርጎ ታሰረ።

ከዚያ ሰፈሩ መጣ። እግዜር ይስጣቸው፣ ማንም አልቀረም። ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ብስኩት፣ ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። በሦስተኛው ቀን ቡና አፍልቼ ስመለስ ልጄ ጥግ ላይ ጸጥ ብሏል። ጸጥታው አስፈራኝ። እጁ ታስሮም መዳፉ ውስጥ ግማሽ ብስኩት ጨብጧል። ሌላው ግማሽ አፉ ውስጥ ነው። አንዲት ጎረቤት "አሳዘነኝ እኮ" አሉኝ እንባ እያቀረሩ። እንዴት ብዬ ልቆጣቸው? በውኃ አጠብኩት፣ ደም አልነበረውም፣ በማግስቱ ሐኪም አየውና ስፌቱ ተርፎ ነበር።

ባለቤቴ የዚያን ቀን ማታ ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ፦ "ማሙሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ፈሳሽ ብቻ ነው የሚወስደው። ጉንፋን ያለባችሁ በስልክ ጠይቁን።" ማንም አልተቀየመም። እንዲያውም ሰው ማገዝ ይፈልጋል፣ ምን እንደሚያግዝ ግን አያውቅም። ከዚያ በኋላ "ምን ላምጣ?" ሲሉኝ እውነቱን መናገር ጀመርኩ። ውኃ የምትመጣው በፈረቃ ነውና አንዱ ጄሪካን አራተኛ ፎቅ አወጣልኝ። አንዷ ትልቋን ልጄን ከትምህርት ቤት አመጣችልኝ። ከብርቱካኑ የበለጠ ጠቀመን።

መድኃኒቱን በሆድ ማዘን መለካት

"ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት" ብለን የማታውን የሕመም ማስታገሻ ዘለልነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እየጮኸ ተነሳ፣ ከዚያ በኋላ እምቢ ብሎ እስኪነጋ ጠብታ ውኃ አልወሰደም። ሕመም የያዘው ልጅ አይጠጣም፣ ያልጠጣ ልጅ ይደርቃል። ሐኪሙ በሰዓት ስጡ ካለ በሰዓቱ ስጡ። መጠኑ በኪሎ ስለሚሰላ በወጥ ቤት ማንኪያ አትገምቱ፣ በመለኪያው ስጡ።

የማይቆም ቀይ ደም፣ ትኩሳት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ወይም ረጅም ሰዓት ሽንት አለመሽናት ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከከተማ ዳር ለምንኖር ደግሞ ሌሊት ስልኩን የሚያነሳ አንድ ባለመኪና ጎረቤት ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቅቤ፣ ዳማከሴ፣ እንጥል

ስፌት ላይ ቅቤ አይቀባም። ማርም፣ ሌላ ቅጠልም አይደረግበትም። ዳማከሴ ለምች ነው ብለው ያመጡልኝን አመስግኜ ተቀብዬ አስቀመጥኩት።

እንጥል ማስቆረጥ ግን ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። "ሳሉ የማይለቀው እንጥሉ ወርዶ ነው፣ የሚቆርጥ አዋቂ አለ" ብለውን ነበር። መድማትና መመረዝ ልጅ ይገድላል። ላንቃው ለተሰነጠቀ ልጅ ደግሞ ሐኪሙ ሰዓታት ፈጅቶ የገጠመው ያንኑ ቦታ ነው።

ስለ ጠበል እኛ ቤት ጭቅጭቅ ነበር። እማዬ ትፈልጋለች፣ ባለቤቴ ይፈራል። መጨረሻ ላይ ስፌቱ ሳይነካ ግንባሩን እንድትቀባው፣ መድኃኒቱም አንዲት ጊዜ እንዳይዘለል ተስማማን። ኤች አይ ቪ ብዙ ሰው በሚጨርስበት ዘመን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው ነበር።

ጤነኛዋን ልጅ መርሳት

ከሁሉም የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ትልቋ ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሆስፒታል ስንገባ "ገበያ ሄደን እንመጣለን" ብለን ጎረቤት ጋ ተውናት። አምስት ሌሊት አደርን። ስንመለስ ወንድሟን አላየችውም፣ ማየት አልፈለገችም። አልጋ ላይ መሽናት ጀመረች። እኔ ደክሞኝ ስለነበር "አንቺ ደግሞ አሁን ሕፃን ሆንሽ?" ብዬ ተቆጣኋት። ይህን ስጽፍ ልቤ ይሰበራል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፀጉሯን ስሠራት፣ ፊቷን ሳላይ፣ ቀስ ብላ "እማ፣ የቆረጡት እኔ ስለሳቅኩበት ነው?" አለችኝ። ከመወለዱ ሳምንት በኋላ ከንፈሩን አይታ ስቃ ነበር። እኔ ረስቼዋለሁ። እሷ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ይዛው ኖራለች።

ልጅ እውነቱን ካልነገሩት የራሱን እውነት ይሠራል። የሚሠራው ደግሞ ከእውነቱ የከፋ ነው። "የወንድምሽ አፍ ውስጥ ቀዳዳ አለ፣ ሐኪም ይሰፋዋል፣ አምስት ቀን እንቆያለን፣ ማታ ማታ እንደውልልሻለን" ማለት ይበቃ ነበር። ለስድስት ዓመት ልጅ ይገባታል።

ሌላው ስህተት ሁለታችንም ሆስፒታል መክረማችን ነው። ወይም ደግሞ በብዙ ቤት እንደሚሆነው አስታማሚነቱን ለእናት ብቻ ጥሎ አባት ደጅ ላይ ይቆማል። ባለቤቴ አሁን ቀን ቀን እሱ እየያዘው እኔ ቤት ገብቼ ከእሷ ጋር ምሳ እበላለሁ። መመገቡንም ማጠቡንም ተምሯል።

"ተገላገልን" ማለት

ከንፈሩ ሲገጥም ሰው ሁሉ እልል አለ። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ያቆማል፣ ፊቱ አምሯልና። ላንቃው ግን ይቀራል። ከላንቃው በኋላም ጆሮ አለ። እነዚህ ልጆች ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ስለሚጠራቀምባቸው መስማታቸው መመርመር አለበት። ከ8 እስከ 11 ዓመት ባለው ጊዜ ድዱ ላይ አጥንት መሙላት ሊያስፈልግ ይችላል። በመካከሉ ደግሞ ንግግር አለ።

ልጄ "ማማ" ማለት የጀመረው ቶሎ ነው። "ባባ" ግን እምቢ አለው። አባቱ ምንም ባይልም ቅር እንዳለው አውቃለሁ። የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ምክንያቱን አስረዳችን። "ማ" በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ነው። "ባ" ግን አየሩ አፍ ውስጥ ታምቆ መፈንዳት አለበት፤ ላንቃው በደንብ ካልዘጋ በአፍንጫ ያመልጣል። ትንሽ መስታወት አፍንጫው ሥር እንድናደርግ አሳየችን። አየር ካመለጠ መስታወቱ ላይ ጉም ይታያል።

መስታወቱን የምትይዘው እህቱ ናት። ማንም አላዘዛትም፣ ራሷ ወሰደችው። ማታ ከእራት በፊት ምንጣፉ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። "ባ በል" ትለዋለች። ጉንጩን ነፍቶ "ባ" ይላል። መስታወቱን ወደ አምፖሉ አዙራ በደንብ ታየዋለች። ትናንት ጉሙ የጣት ጫፍ ታህል ነበር። በቀሚሷ ጠረገችውና "እንደገና" አለችው።