አዲስ ፕሮግራም ስትከፍቱ እነዚህን አትድገሙ

ሰው ሲቀርበው የሚበራ ግድግዳ፣ ሲነኩት የሚተርክ የሙዚየም ዕቃ። እንዲህ ዓይነት ለሰው ምላሽ የሚሰጥ ቦታ ዲዛይን ማድረግን የሚያስተምር ፕሮግራም ለመክፈት የሚያስቡ መምህራን ደብረ ብርሃን ድረስ ረቂቅ ይልኩልኛል። ያው ስህተት ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ይጠብቀኛል።

ኮርስ ማዋጣት! አርክቴክቸር የራሱን ያመጣል፣ ኮምፒውተር ሳይንስ የራሱን፣ ሶሲዮሎጂም ከመደርደሪያ ያወርዳል። ኮሚቴው ይደምርና «የጋራ ፕሮግራም» ይለዋል። ይሄ ዕቁብ ነው። ተማሪው ኮርሱን በየተራ ይጨርስና በመመረቂያው ዓመት «በሉ አሁን አንድ ላይ ሥሩ» ይባላል። በምን ልምዱ?

አንድ የኮምፒውተር ተማሪዎች ቡድን ለመናኸሪያ ሰው ሲያልፍ መስመር የሚናገር ሰሌዳ ሠራ። መሀል ሜዳ፣ ደብረ ሲና፣ አንኮበር እያለ ይጠራል። ላቦራቶሪ ውስጥ እንከን አልነበረበትም። ማለዳ 12 ሰዓት መናኸሪያ ሲተከል፣ ጋቢ የተከናነቡ አባት ፊት ለፊቱ አለፉ፤ ዝም። ተመለሱ፤ ዝም። ልጆቹ ኮዱን ሲያገላብጡ አደሩ። ኮዱ ደህና ነበር። ያቺ ርካሽ ሴንሰር ሰው ማለፉን የምታውቀው የሰውነቱ ሙቀት ከአካባቢው ሲለይ ነው። የወፍራም ጋቢ የላይኛው ገጽ ደግሞ ከብርዱ ብዙም አይለይም። ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በዚያ ሰዓት፣ ማን ነው ያለ ጋቢ የሚወጣው? ሰውን ማየት የተማረ የሶሲዮሎጂ ጓደኛ ከመጀመሪያው ሳምንት አብሯቸው ቢሠራ ኖሮ ይሄን አንድ ጥያቄ ይጠይቃቸው ነበር። ስለዚህ የሁሉም ክፍል ተማሪዎች አብረው የሚሠሩበት የጋራ ስቱዲዮ በመጀመሪያው ሴሚስተር ይጀመር።

ሎድ፣ ማለትም ለመምህሩ የሚታሰብለት የማስተማር ሥራ መጠን። ሁለት መምህራን አንድ ኮርስ ሲይዙ ክሬዲቱ ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ አንዱ ሰኞ ይመጣል፣ ሌላው ረቡዕ፤ አይተያዩም። ለሁለቱም ሙሉ ሎድ እንዲታሰብ ካሪኩለሙ ሴኔት ከመድረሱ በፊት አስጽፉ። ከጸደቀ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

የውጭውን መገልበጥ። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሚዲያ ላብ፣ ቴክኖሎጂንና ዲዛይንን የሚያገናኘው የምርምር ማዕከል፣ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። የበቀለው ግን በ1967 አርክቴክቸር ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከተቋቋመ የምርምር ቡድን ነው። እኛ የመጨረሻውን ገጽ እንገለብጣለን፣ መሀል ያለው ዓመት የለንም።

ውድ የቪአር (ምናባዊ ዓለም የሚያሳይ) መነጽር ቀድሞ መግዛት። አትግዙ።

ንብረት ክፍልን መርሳት። ሴንሰር ተማሪ ሊያቃጥላት የሚገባ ዕቃ ናት። ቋሚ ንብረት ተብላ ከተመዘገበች ግን አለቀ። መምህሩ በሞዴል 22 ፈርሞ ስለወሰዳት ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፍባታል፣ ልጆቹም ዩቲዩብ ላይ ያዩዋታል። ወገኖቼ፣ አላቂ ዕቃ ተብላ እንድትገዛ በጀት ሲያዝ ተከራከሩ።

ስም ማውጣት ላይ ስብሰባ የምትጨርሱም አላችሁ። እሱን ተዉትና የስቱዲዮውን ቁልፍ ማን እንደሚይዝ ወስኑ። ቅዳሜና ማታም የሚከፍት ሰው ይሁን።