ትከሻህን የሚያበልዘው ጥይቱ ብቻ አይደለም፤ ሰደፉንም እየው

ባለፈው ዓመት፣ አጋዘን አደን ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ጓደኛዬ ዊንቸስተር 1886 የሚባለውን ጠመንጃ አዋሰኝ። ዋናው አይደለም፣ ቅጂው ነው። ግን ውብ ነው። በርሜሉ ባለ ስምንት ማዕዘን፣ እንጨቱ ዋልነት፣ የሰደፉ ጫፍ ደግሞ እንደ ማጭድ ወደ ውስጥ የጎበጠ ብረት። 45-70 ጥይት አጎረስኩት፣ ጠረጴዛው ላይ ተደገፍኩና መተኮስ ጀመርኩ። አምስተኛው ላይ ተውኩት። ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ ትከሻዬ ላይ ሁለት የበለዙ ምልክቶች አሉ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ባለቤቴ አየት አድርጋኝ «በሬ ነው የወጋህ?» አለችኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ጥይት ማርሊን 1895 በሚባለው በራሴ ጠመንጃ ተኮስኩት። ማርሊኑ ከዚያኛው በደንብ ይቀላል፣ ስለዚህ የበለጠ ሊመታኝ ይገባ ነበር። ግን ሰደፉ ጫፉ ጠፍጣፋ ነው፣ ወፍራም ላስቲክም አለው። ሃያ ጥይት ተኩሼ እየዘፈንኩ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌቨር አክሽን፣ ማለትም ከምላጩ ሥር ያለችውን ቀለበት ወደ ታች ገፋ፣ ወደ ላይ መለስ እያደረግህ የምታቀባብለው ያ የካውቦይ ጠመንጃ፣ ስንት እንደሚገፋህ የሚወስኑት የጥይቱ ክብደት፣ የባሩዱ መጠንና የራሱ የጠመንጃው ክብደት ናቸው። ሰደፉ ይህን አይቀንስም። ሰደፉ የሚወስነው ግፊቱ የት እንደሚያርፍብህ፣ በምን ያህል ስፋት እና ወዴት አቅጣጫ እንደሆነ ነው። ሠርግ ላይ ሹል ተረከዝ ያደረገች ሴት እግርህን ስትረግጥህና እዚያችው ሴት በሸራ ጫማ ስትረግጥህ ክብደቷ አልተቀየረም። አንተ ግን ልዩነቱን ታውቀዋለህ።

ከማጭዱ እንጀምር። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ሞኝ ስለነበሩ አይደለም እንደዚያ የሠሩት። ያኔ ሰው ጎኑን ለኢላማው ሰጥቶ፣ ቆሞ፣ ክርኑን ከፍ አድርጎ ነበር የሚተኩሰው፤ ሰደፉም የሚያርፈው ትከሻ ጉድጓድ ውስጥ ሳይሆን ከመገጣጠሚያው ወጣ ብሎ ክንድ ላይ ነበር። የጎበጠው ብረት ክንዱን ያቅፈዋል፣ አይንሸራተትም። እኛ ግን ዛሬ ደረታችንን ወደ ፊት ሰጥተን ጉድጓዱ ውስጥ እንከተዋለን፣ ያኔ ሁለቱ ቀንዶች ሥጋ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ማጭድ ሰደፍ ካለህ ቆመህ፣ ጎንህን ሰጥተህ፣ ክንድህ ላይ አድርገህ ተኩስ። ጠረጴዛ ላይ ተደግፈህ ወይም ተኝተህ ከባድ ጥይት አትተኩስበት። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

በነገራችን ላይ የአያቶቻችን ውጅግራም የዚያው ዘመን ልጅ ነው፤ 1874 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) የፈረንሳይ ሥሪት ሆኖ 25 ግራም የሚጠጋ እርሳስ ይተፋል። የ45-70 ዋናው እርሳስ 26 ግራም ነው፣ ማለት እኩያሞች ናቸው። ግን ውጅግራ ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ የዛሬዎቹ አጫጭር ማርሊኖች 3 ኪሎ ከምናምን ናቸው። የጎደለውን ኪሎ ትከሻህ ይከፍላል።

ብዙ ሰው የማያየው ግን የሰደፉን ዝቅታ ነው፣ ለእኔ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ጠመንጃውን ከጎኑ እየው። በርሜሉ ወደ ኋላ ቢቀጥል የሰደፉን ተረከዝ፣ ማለትም የኋላውን የላይኛ ጫፍ፣ በምን ያህል ከፍታ ያልፈዋል? ፍሪጅ ከመሃሉ ብትገፋው ይንሸራተታል፣ ከላይ ጫፉን ብትገፋው ይጋደማል አይደል? ጠመንጃም እንደዚያው ነው። ሰደፉ ቀጥ ያለ ከሆነ ግፊቱ ቀጥታ ወደ ትከሻህ ይመጣል። በጣም ወደ ታች የወረደ ከሆነ ደግሞ ግፊቱ ከትከሻህ በላይ ስለሚያልፍ ጠመንጃው ይሽከረከራል፤ አፈሙዙ ወደ ሰማይ ይነሳል፣ የሰደፉ የላይኛው ጠርዝ ደግሞ ጉንጭህን ከሥር ይመታዋል። «30-30 (ከ45-70 የሚቀለው ጥይት) ትከሻዬን ምንም አላለኝም፣ ጥርሴን ግን አነቃነቀኝ» የሚል ሰው ካጋጠመህ ችግሩ ይሄ ነው።

የድሮዎቹ ሰደፍ ዝቅ ያለው ማነጣጠሪያው በርሜሉ ላይ ተለጥፎ ስለሚቀመጥ ነው፤ ዓይን እዚያ እንዲደርስ ጉንጭ መውረድ ነበረበት። ችግሩ የሚመጣው እኛ በዚያ ሰደፍ ላይ ስኮፕ (የማነጣጠሪያ መነጽር) ስንጭንበት ነው። ስኮፑ ከፍ ይላል፣ አንገትህን ታስግጋለህ፣ ጉንጭህ ከእንጨቱ ይነሳል። ከዚያ ሲተኮስ እንጨቱ መንደርደሪያ አግኝቶ መንጋጋህን ያገኝሃል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ በገመድ የሚታሰር የቆዳ ወይም የጨርቅ የጉንጭ ማሳረፊያ ግዛና ዓይንህ ሳይለፋ ስኮፑ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ከፍ አድርገው።

ዝቅታውን በቤትህ ፈትሸው። መጀመሪያ ግን ጠመንጃውን ባዶ አድርግ፤ ጥይቱ በርሜሉ ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ ስለሚደረደር አንዷ ተደብቃ ልትቀር ትችላለች። ምንም እስከማይወጣ ድረስ ደጋግመህ አቀባብል፣ ከዚያም በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ጥይቶቹን ሌላ ክፍል አስቀምጣቸው። አሁን አፈሙዙን አስተማማኝ አቅጣጫ ስጠውና ዓይንህን ጨፍነህ እንደሚመችህ ትከሻህ ላይ አድርገው፣ ከዚያ ዓይንህን ግለጥ። ማነጣጠሪያው ፊት ለፊትህ ካለ ሰደፉ ያንተ ነው። የምታየው የጠመንጃውን ጀርባ ብቻ ከሆነ ለአንተ ዝቅ ብሏል፣ ማነጣጠሪያውን ከላይ ወደ ታች የምታየው ከሆነ ደግሞ ከፍ ብሏል።

ርዝመቱንም እዚያው እየው። ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ መሃል ለካ፤ ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ 13 ኢንች ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ለረጅም ሰው ያጥራል። ሲያጥር የያዝክበት እጅ አውራ ጣት አፍንጫህን ይመታል፣ የስኮፑ ጠርዝም ቅንድብህን ይቆርጠዋል። በአፍንጫህና በአውራ ጣትህ መካከል ሁለት ሦስት ጣት ካስገባ ጥሩ ነው። ሲረዝም ደግሞ ብብትህ ሥር ይያዛል። እዚህ ኮሎራዶ ኅዳር ላይ ካፖርት ሳትለብስ አታድንም፣ ስለዚህ ስትለካ ካፖርትህን ልበስ! ሰደፉን ክርንህ መታጠፊያ ላይ አድርጎ ጣት ምላጩ ላይ ይደርስ እንደሆነ ማየት የሚሉት ዘዴ ግምት ብቻ ነው፣ አትመነው።

የሰደፉ አንገት፣ ማለትም ከምላጩ ኋላ በእጅህ የምትይዘው ቦታ ላይ ብዙ አልቆይም። እንደ ዊንቸስተር 94 ቀጥ ያለ አንገት ለማቀባበል ፈጣን ነው፣ እንደ ማርሊን 336 ወደ ታች የታጠፈው ደግሞ ጠመንጃውን በእጅህ ወደ ትከሻህ ጠብቅ አድርገህ እንድትስበው ያግዛል። ለ30-30 የፈለግከውን ያዝ። ለ45-70 እኔ የታጠፈውን እመርጣለሁ። ቀጥ ያለ ካለህ አውራ ጣትህን በላይ አታጠምጥማት፣ ጎኑ ላይ አስተኛት፣ አፍንጫህ ያመሰግንሃል።

የሰደፉ ጫፍ ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ብረት ከሆነ ላስቲክ አልብሰው። ላስቲክ ሲጨመቅ ግፊቱን በጊዜ ያራዝመዋል፣ አይንሸራተትምም። መጀመሪያ እንደ ካልሲ የሚጠለቀውን ሞክር፣ ግን አንድ ኢንች ያህል እንደሚያረዝም አትርሳ። ሄንሪ ቢግ ቦይ የሚባለው ጠመንጃ የነሐስ የሰደፍ ጫፍ ካፖርት ላይ ይንሸራተታል እንጂ ብዙም አያምም፤ ጠመንጃው 4 ኪሎ ስለሚጠጋ በ357 ጥይት ብዙም አይነቃነቅም። የታችኛው ጫፍ ደረትሽ ላይ የሚወጋሽ ከሆነ ደግሞ፣ እህቴ፣ የጥንካሬ ጉዳይ አይደለም፤ የሰደፉ ጫፍ ዘንበል ማለት አለበት። በላስቲኩና በእንጨቱ መካከል ከላይ በኩል ብቻ ስስ ነገር ሲገባ የታችኛው ጫፍ ይሸሻል፣ የጠመንጃ ጠጋኝ ይሠራልሻል።

ዊንቸስተርህ ከ1964 በፊት የተሠራ ከሆነ ግን እንጨቱን መጋዝ እንዳታስነካው፣ ሰብሳቢዎች ያለቅሳሉ፣ ዋጋውም ይወድቃል። የሚወልቅ ነገር ብቻ ተጠቀም።

ያንን 1886 ስመልስለት ጓደኛዬ «እንዴት ነው፣ አይጣፍጥም?» አለኝ። ሸሚዜን ገለጥ አድርጌ አሳየሁት። እሱም ሳቀና የራሱን ገለጠልኝ።