በበጋ የሚሰማ፣ በክረምት የሚጠፋ የሕንፃ ውስጥ ሬዲዮ

የእጅ ሬዲዮው ባትሪ ተሞልቷል፣ ቻናሉም ትክክል ነው ብዬ እጀምራለሁ።

ምልክት፦ የእሳት አደጋ ሠራተኛው ውጭ ሆኖ ይሰማል፣ ምድር ቤትና ደረጃ ላይ ግን ድምፁ ይቆራረጣል። ማጉያው፣ ማለትም የጣሪያው አንቴና የተቀበለውን ሞገድ አጠንክሮ ወደ ሕንፃው የውስጥ አንቴናዎች የሚልከው ሣጥን፣ በርቶ ከሆነ አትፍቱት፤ ጣሪያ ላይ ውጡ።

ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ ደጋግሜ የጠገንኩት ጥፋት አንድ ነው፦ አንቴናውና ገመዱ በሚገናኙበት ቦታ የገባ ውኃ። የጎጃም ክረምት በተራ ናስትሮ የተጠቀለለ ማገናኛን አይምርም። የገባው ውኃ በተጎነጎነው መዳብ ውስጥ እየተሳበ ሜትሮችን ይወርዳል።

ባሕር ዳር አንድ ሕንፃ ላይ ከእኔ በፊት የመጡ ባለሙያዎች መለኪያውን ማጉያው ጋ ሰክተው የተመላሽ ሞገዱ ንባብ 1.2 ሲሆንላቸው (ወደ 1 በቀረበ ቁጥር ደህና ነው) «አንቴናው ደህና ነው» ብለው ማጉያውን አስቀየሩ። ባለቤቱ ያንን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ ምድር ቤቱ አሁንም ጸጥ ያለ ነበር። ጣሪያ ወጥቼ ማገናኛውን ስፈታ ውኃው አውራ ጣቴ ላይ ተንጠባጠበ፤ መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ በጥፍሬ ስነካው ተፈረፈረ። ንባቡ ያታለላቸው ውኃ የጠጣ ገመድ የሚሄደውንም የሚመለሰውንም ኃይል ስለሚበላ ነው። ከላይ የተመለሰው ታች ሳይደርስ ያልቃል፣ መለኪያውም ሰላም ነው ይላል።

ስለዚህ ኃይሉን በሁለቱም ጫፍ ለኩ። ማጉያውን አጥፍታችሁ ንቀሉ፤ ከታች በእጅ ሬዲዮ ላኩ፣ ከላይ በአንቴናው ምትክ ባለ 50 ኦም ማስመሰያ ጭነት (ኃይሉን ሳያሰራጭ የሚውጥ መሣሪያ) ሰክታችሁ በመለኪያው አንብቡ። በ450 ሜጋኸርዝ 30 ሜትር ደህና ወፍራም ገመድ ግማሽ ያህሉን ያደርሳል። ቀጭኑ ገመድ ግን አዲስም ሆኖ ከአሥር አንድ እጅ ብቻ ነው የሚያደርሰው፤ ለሰው ነፍስ በተሠራ መስመር ላይ እሱን የሚዘረጋ ሰው ያናድደኛል። በሥራ ላይ ባለው ቻናል ደግሞ ፈጽሞ አትሞክሩ፤ የእውነት ጥሪ ትሸፍናላችሁ።

ጥገናው ማድረቅ አይደለም። የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪታይ ገመዱን ከጫፉ ቁረጡ፤ ሁለት ሜትር ቆርጣችሁም አረንጓዴ ከሆነ ሙሉውን ቀይሩ። አዲሱን ማገናኛ ራሱን በሚያጣብቅ የጎማ ናስትሮ እየሳባችሁ ጠቅልሉ፣ ቤት በሣር ሲከደን እንደሚደረገው ከታች ወደ ላይ፣ የላይኛው ዙር የታችኛውን እንዲደርብ። ከላይ ፀሐይ የሚችል የፕላስቲክ ናስትሮ ይልበስ። አቼቶ የሚሸት ሲሊኮን አታስጠጉት፤ አሲዱ መዳብ ይበላል። ገመዱ ግድግዳ ከመግባቱ በፊት ውኃው እንዲንጠባጠብ ወደ ታች ይቀስት።

ምልክት፦ ማጉያው ሲበራ የውጭ ግንኙነት ይታወካል። የጣሪያው አንቴና የውስጡን እየሰማ ነው። አራርቋቸው፣ ወይም የማጉያውን ጉልበት ቀንሱ፤ በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ያለው መከለል (ሞገዱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚደክምበት መጠን) ከማጉያው ጉልበት ቢያንስ በ15 ዴሲቤል መብለጥ አለበት።

ምልክት፦ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ባትሪው አርጅቷል። ዓለም አቀፉ የእሳት ደንብ በሙሉ አቅም ለ12 ሰዓታት የሚያሠራ መጠባበቂያ ይጠይቃል፤ የመኪና ባትሪ አትተኩበት።

ስትጨርሱ እያንዳንዱን ወለል በ20 ክፍል ከፍላችሁ በእግር ሞክሩ፣ ከ-95 ዲቢኤም (የሞገድ ጥንካሬ መለኪያ) የደከመውን ክፍል በወረቀት ላይ ምልክት አድርጉ። የደረጃው የብረት በር ተዘግቶ ይሁን፤ ክፍት በር የሚያሳየው ንባብ በእሳት ቀን አይገኝም።