ፔይንት ላይ ቀለም ሲፈስና የጎማው ጠርዝ ነጭ ነጠብጣብ ሲያስቀር

የፒያሳን ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ በፔይንት (በዊንዶውስ የሥዕል ፕሮግራም) ስስል ባልዲው (ቀለም መሙያው መሣሪያ) ገጹን በሙሉ ሰማያዊ አለበሰው። መስመሩን ማወፈር አልረዳም። ወደ 800% ሳጎላው ሁለት መስመሮች ሳይገናኙ ቀርተዋል፤ ክፍተቱን በእርሳስ ደፈንኩት፣ መፍሰሱ ቆመ።

የጎማው ጠርዝ ላይ ግን ነጭ ነጠብጣብ ቀረ። ደጋግሞ ቀለም ማፍሰስ ዋጋ የለውም፦ ፔይንት የክብን ጠርዝ በመካከለኛ ቀለማት ያለሰልሳል፣ ባልዲው ደግሞ የተነካውን ቀለም ብቻ ይተካል።

የሠራው ቅርጹን ከነቀለሙ መሳል ነው። ክብ ምረጡ፣ የቅርጹን መሙያ ወጥ ቀለም አድርጉ፣ ቀለም 2 (የቅርጹን ውስጥ የሚሞላው ሁለተኛው የቀለም ሳጥን) ላይ ጥቁር ያዙ፣ ሺፍትን ተጭናችሁ ጎትቱ፤ ያለ ሺፍት ጎማው እንቁላል ይሆናል። አካሉ ይቅደም፣ ጎማው መጨረሻ ይሁን። ልኩን ከቅርጹ ውጭ ጠቅ ሳታደርጉ አስተካክሉ፤ ጠቅ ካደረጋችሁ በኋላ ከሥዕሉ ጋር ስለሚዋሃድ የሚመልሰው ኮንትሮልና ዜድ ነው።