በኑምፓይ የማትሪክስ ረድፍ ላይ ዋጋ ስንሰጥ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በፓይተን ከኑምፓይ (በቁጥር ሰንጠረዦች ላይ ለማስላት ከሚያገለግለው የፓይተን ላይብረሪ) ጋር ስንሠራ የማትሪክስን ረድፍ በአዲስ ዋጋ መተካት በአንድ መስመር የሚያልቅ ሥራ ነው። ስሕተት ሲፈጠር አንዳንዴ ፕሮግራሙ ቆሞ ኤረር ያወጣል፤ ይህ መልእክቱን አንብቦ ለማረም አያስቸግርም። የሚያሳስበው ምንም ሳያሳውቅ የተሳሳተ ውጤት የሚሰጠው ነው፤ ስለዚህ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ከነጥብ በኋላ ያለው ክፍል ይጠፋል

ረድፎቹ 2፣ 1፣ 8 እና 4፣ 3፣ 18 የሆኑትን ማትሪክስ በጋውስ ዘዴ (ረድፎችን እያካፈሉና እየቀነሱ እኩልታዎችን በመፍታት) እንፍታ፤ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ እኩልታ ሲሆን የመጨረሻው ቁጥር ከእኩል ምልክቱ በስተቀኝ ያለው ነው። የመጀመሪያውን ረድፍ ለ2 አካፍለን እዚያው መልሰን ስናስቀምጥ 1፣ 0.5፣ 4 ማግኘት ሲገባን 1፣ 0፣ 4 እናገኛለን። የዚህን ረድፍ 4 እጥፍ ከሁለተኛው ስንቀንስ 0፣ 3፣ 2 ይቀራል፤ እርሱንም ለ3 አካፍለን ስናስቀምጥ 0፣ 1፣ 0 ይሆናል። ትክክለኛው መልስ 3 እና 2 ሆኖ ሳለ ፕሮግራሙ 4 እና 0 ይላል። ይህ የተሳሳተ መልስ የመጀመሪያውን እኩልታ በትክክል ያሟላል፤ ስለዚህ መልሱን በአንድ እኩልታ ብቻ የሚፈትሽ ሰው ስሕተቱን ሳያይ ያልፋል።

ምክንያቱ፣ የአንድ አሬይ (ኑምፓይ ቁጥሮችን የሚይዝበት ድርድር፣ ማትሪክሱም አንዱ ነው) አባላት ሁሉ የዳታ ዓይነታቸው አንድ መሆኑ ነው። ማትሪክሱ ሲፈጠር የተሰጡት ቁጥሮች በሙሉ ኢንቲጀር (ነጥብ የሌላቸው ሙሉ ቁጥሮች) ስለነበሩ ኑምፓይ ኢንቲጀር አድርጎ መዝግቦታል፤ ከዚያ በኋላ ረድፉ ላይ የሚጻፍ ማንኛውም ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) ወደዚያው ዓይነት ይለወጣል። ሲለወጥም ወደ ቅርቡ ቁጥር አይጠጋጋም፣ ይቆረጣል እንጂ፤ 2.9 ወደ 2፣ -2.9 ደግሞ ወደ -2 ይሆናል።

መፍትሄው ማትሪክሱን ሲፈጥሩ ዓይነቱን ፍሎት ብሎ መግለጽ ወይም ቢያንስ አንዱን ቁጥር 2.0 ብሎ መጻፍ ነው። አስቀድሞ የተፈጠረውን በአስታይፕ (astype፣ የዳታ ዓይነት በሚለውጠው ትእዛዝ) መለወጥ ይቻላል፤ ነገር ግን አስታይፕ አዲስ አሬይ ስለሚመልስ ውጤቱን ለስሙ መልሶ መስጠት ያስፈልጋል። የማካፈያውንና የእኩል ምልክቱን አጣምሮ (/=) ረድፉን እዚያው ማካፈል ደግሞ በኢንቲጀር ማትሪክስ ላይ ኤረር ያወጣል፤ በእኔ እምነት ይህ በዝምታ ከመቁረጥ እጅግ ይሻላል።

ሁለት ረድፎች ሲቀያየሩ አንድ ዓይነት ይሆናሉ

በተራ የፓይተን ሊስት ላይ ሁለት አባላትን በአንድ መስመር ማቀያየር ስለሚሠራ፣ ብዙዎች ያንኑ አጻጻፍ በማትሪክስ ረድፎች ላይ ይሞክሩታል። ውጤቱ ግን ሁለቱም ቦታ ላይ ሁለተኛው ረድፍ መገኘቱ ነው። በአንድ ቁጥር የተጠራ ረድፍ ራሱን የቻለ ቅጂ አይደለም፤ በዋናው ማትሪክስ ሜሞሪ ላይ የተከፈተ መስኮት ነው። የመጀመሪያው ረድፍ ሲጻፍበት፣ «አስቀመጥኩት» ያልነው አሮጌ ዋጋም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ረድፍ በኮፒ (copy) ገልብጦ ማስቀመጥ፣ ወይም በግራ የ0 እና የ1ን፣ በቀኝ የ1 እና የ0ን የኢንዴክስ (ከ0 የሚጀምር የረድፍ ተራ ቁጥር) ሊስት ጽፎ ሁለቱን በአንዴ መተካት ይገባል።

ረድፉን ለወጥኩት፣ ማትሪክሱ ግን አልተለወጠም

ይህ የቀደመው ተገላቢጦሽ ነው። ረድፉን «አር» ብለን ከሰየምነው በኋላ «አር» እኩል ይሆናል «አር» ሲካፈል ለ2 ብንል፣ ስሙ ወደ አዲስ አሬይ ይዞራል እንጂ ማትሪክሱ አይነካም፤ ከስሙ ቀጥሎ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ሁለት ነጥብ (:) ጽፎ ዋጋ መስጠት ያስፈልጋል። ረድፎችን በሊስት ወይም በሁኔታ መርጦ፣ በሌላ ቅንፍ ደግሞ ዓምድ መርጦ መጻፍም እንዲሁ ከንቱ ነው፤ የመጀመሪያው ምርጫ ቅጂ ይፈጥራልና። ሁለቱም ምርጫዎች በአንድ ቅንፍ ውስጥ በኮማ ተለይተው ይጻፉ።

የቅርጽ አለመግጠም

3 በ1 የሆነ ዓምድ ርዝመቱ 3 በሆነ ረድፍ ላይ አይገባም፤ በራቭል (ravel፣ አሬይን ወደ አንድ መስመር በሚዘረጋው ትእዛዝ) ዘርግቶ መስጠት ይበቃል። አንድ አባል ብቻ ያለው አሬይ ግን ያለ ኤረር ረድፉን በሙሉ በዚያው ቁጥር ይሞላዋል። በሉፕ ውስጥ ከኢንዴክሱ 1 ቀንሰው ያለፈውን ረድፍ የሚጽፉ ከሆነም፣ ኢንዴክሱ 0 ሲሆን -1 የመጨረሻውን ረድፍ ስለሚያመለክት ሉፑን ከ1 ይጀምሩት።