ሊንኬጅ ያለውና የሌለው የኋላ ሾክ፦ ለይቶ፣ ለክቶና አድሶ ለመጠቀም

ለድንጋይና ለጭቃ መንገድ የሚሠራ ሞተር ሳይክል የኋላ ሾኩ መጀመሪያ ላይ ለስላሳ፣ ወደ ጫፍ ሲጠጋ ደግሞ ጠንካራ መሆን አለበት። ሊንኬጅ፣ ማለትም ሾኩን ከጎማው ክንድ ጋር የሚያገናኝ ተንቀሳቃሽ ብረት፣ ያለውም የሌለውም ይህንኑ ያደርጋሉ። የሚለያዩት ያ ጥንካሬ ከየት ይመጣል በሚለው ነው፤ አስተካከሉም ጥገናውም ከዚያ ይከተላል።

የትኛው እንዳለዎት ለማወቅ ሞተሩን ጎማው ከመሬት በሚነሳበት ማቆሚያ ላይ አውጥተው ከጎን ዝቅ ብለው ይመልከቱ። የሾኩ ታችኛ ጫፍ የኋላ ጎማውን በሚይዘው ክንድ፣ ማለትም በስዊንግ አርሙ ላይ በቀጥታ ከታሰረ ሊንኬጅ የለውም። ሾኩ እስከ ታች ወርዶ ክንዱንና ሻሲውን በሚያገናኝ፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ማዕዘን በሚመስል ተንቀሳቃሽ ብረት ላይ ካረፈ ሊንኬጅ አለው። የካዋሳኪ ዩኒ-ትራክና የሆንዳ ፕሮ-ሊንክ፣ ሁለቱም ከ1980ዎቹ መባቻ ጀምሮ የሚታወቁት፣ የዚህ ዓይነት ናቸው። ያለ ሊንኬጅ የሚሠራው በሰፊው የሚታወቀው የኦስትሪያው አምራች ኬቲኤም ፒዲኤስ በሚለው ሾክ ነው። ኬቲኤም ከ2011 ሞዴል ጀምሮ የሞቶክሮስ (የዝላይ ትራክ ውድድር) ሞተሮቹን ቀስ በቀስ ወደ ሊንኬጅ ሲመልስ በኢኤክስሲ ኢንዱሮዎቹ (የረጅምና አስቸጋሪ መንገድ ሞተሮቹ) ላይ ግን ፒዲኤሱን አቆይቷል። ይህ ብቻውን እያንዳንዱ የሚስማማው መንገድ እንዳለው ይናገራል።

ሊንኬጁ ጎማው ከፍ ባለ ቁጥር ሾኩን አስፈጥኖ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ሞላውም ዘይቱም አብረው ይጠነክራሉ። ሊንኬጅ በሌለው ውስጥ ግን ሥራው የተሰጠው ለሾኩ ውስጥ ነው፦ በጉዞው መጨረሻ ሁለተኛ ፒስተን ገብቶ የዘይቱን መተላለፊያ ያጠብባል። ዘይት የሚቋቋመው ፍጥነትን ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲጨመቅ፣ ለምሳሌ በረጅም ጉድጓድ ግርጌ፣ ይህ ፒስተን ብዙም አይረዳም፤ ሸክሙ በሞላውና በጫፍ መከላከያው ጎማ ላይ ይወድቃል። ልዩነቱ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ሳግ የሚባለውን፣ ሞተሩ በራሱና በነጂው ክብደት የሚወርድበትን ዝቅታ ይለኩ። ሜትር፣ ማርከርና ሁለት ረዳት ያስፈልጋሉ።

1. ጎማው በአየር ላይ ሳለ ከጎማው ዘንግ መሃል ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይለኩና ፓራፋንጎው ላይ ምልክት ያድርጉ። 600 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል።
2. ሞተሩን መሬት ላይ አውርደው ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ይጫኑት፣ ከዚያ ቀጥ አድርገው እንደገና ይለኩ። 565 ከሆነ ባዶ ዝቅታው 35 ነው።
3. ነጂው ሙሉ ትጥቁን ለብሶ ይቀመጥ፣ እግሮቹን መርገጫው ላይ ያድርግ፤ አንዱ ረዳት ሞተሩን ሲደግፍ ሌላው ይለካል። 495 ከሆነ የተጫነው ዝቅታ 105 ነው።

300 ሚሊ ሜትር ገደማ ለሚጓዝ ጎማ በሊንኬጅ ከ100 እስከ 105፣ ያለ ሊንኬጅ ወደ 110 የተለመደ ነው። የሞተርዎ መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ እሱን ይከተሉ። የሞላውን ማጥበቂያ ቀለበት አንድ ዙር እያዞሩ ዳግመኛ ይለኩ፤ ከማዞርዎ በፊት ክሩን ካላጠቡት አሸዋው ቀለበቱን ይነክሰዋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ የተጫነው ዝቅታ ልክ ሆኖ ባዶው 20 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሞላው ለነጂው ክብደት የላላ ነው፤ የጠነከረ አይደለም። የላላ ሞላ ነጂውን እንዲሸከም ቀለበቱ ከመጠን በላይ ይጠብቃል፤ ነጂው ሲወርድ ደግሞ ያ የታመቀ ሞላ ሞተሩን እስከ ላይ ይገፋዋል። ባዶው ከ45 ካለፈ ግን ሞላው ጠንካራ ነው። ሞላ ሲገዙ ቁጥሩን ከሌላኛው ዓይነት ሞተር አይቅዱ፦ ሊንኬጅ ያለው 42 እስከ 48 ኒውተን በሚሊ ሜትር በሚጠቀምበት ቦታ ሊንኬጅ የሌለው ከ60 በላይ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ጎማው በተመሳሳይ ርቀት ሲጓዝ የእሱ ሾክ የሚታመቀው በአነስተኛ ርቀት ነው።

ጥገናው ላይ ሊንኬጁ ብዙ ይጠይቃል። ጎማውን አንስተው ከኋላ በእጅዎ ወደ ላይ ይሳቡት፤ ሾኩ ከመንቀሳቀሱ በፊት "ጠቅ" የሚል ክፍተት ካለ ኩሽኔታ አልቋል። በተለመደው ሁኔታ በየ30 ሰዓት ጉዞ፣ ጭቃና ውኃ ከበዛ ቀደም ብለው ይፍቱት። ክንዱን በእንጨት ደግፈው ቡሎኖቹን ያውጡ። ሊንኬጁ የተገጠመበትን አቅጣጫ በፎቶ ይያዙ፤ ተገልብጦ ቢገጠም የሾኩ ጉዞ ይዛባል። ኩሽኔታዎቹ ትናንሽ መርፌ መሳይ ሮለሮች ስለሆኑ ውስጠኛውን ቱቦ ሲያወጡ ዘርዘር ብለው ሊወድቁ ይችላሉ፤ ስለዚህ ከታች ትሪ ያድርጉ። በነጭ ጋዝ ያጥቧቸው። ቱቦው ላይ ጥፍር የሚይዘው ጭረት ወይም የዝገት ጉድጓድ ካለ ቱቦውንም ኩሽኔታውንም አብረው ይቀይሩ፤ አንዱን ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ውኃ የማያጥበው ግሪስ በሮለሮቹ መሃል ሞልተው ጎማ ሲሉን ይመልሱ፣ ቡሎኑን በመመሪያው ቁጥር ያጥብቁ። ከዚያ በኋላ የከፍተኛ ግፊት ውኃ ወደ ሊንኬጁ አቅጣጫ አይልቀቁ፤ ሲሉን አልፎ ግሪሱን የሚያወጣው እሱ ነው።

ሊንኬጅ ለሌለው ሾክ የሚቀባ ሊንኬጅ የለም፤ ግን በሾኩ ሁለት ጫፍ ያሉት ክብ ኩሽኔታዎች ያልቃሉ። ታችኛው ጭቃ ስለሚያገኘው ቀድሞ ይሄዳል። ኩሽኔታውን የሚይዘውን ቀለበት አውጥተው በልኩ ሶኬት በሞርሳ ይገፉታል፤ በመዶሻ መምታት መቀመጫውን ያጎድፋል። በውስጥ ያለው ዘይት ግን የሚያረጀው ሳይታይ ነው፦ መጀመሪያ የሚጠፋው የመጨረሻው ጥንካሬ ነው። ሾኩ ከጫፍ ጋር መጋጨት ከጀመረ የሞላውን ቀለበት አጥብቀው ለመሸፈን አይሞክሩ፣ ዘይቱ እንዲቀየር ይላኩት። ውስጡ 10 ባር ገደማ ናይትሮጅን ስላለ በቤት አይፈታም።

ለመምረጥ ከሆነ መንገድዎን ይመልከቱ። ግንድና ትልቅ ድንጋይ የሚያልፍ ሰው ከሞተሩ ሆድ በታች የተንጠለጠለ ሊንኬጅ ይይዘዋል፣ ይመታበታልም፤ ሊንኬጅ የሌለው እዚህ ይቀልለዋል። ዝላይና ተከታታይ ሞገድ ያለው ትራክ ላይ ሊንኬጁ ይመረጣል።