የኤንኤፍኤል ቡድን የዕረፍት ወራትና የድራፍት ዕቅድ እንዴት ይወጣል?

የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ ውድድሩ የሚያልቀው ፌብሩዋሪ ላይ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ቡድን የሚሠራው ከዚያ እስከ ኦገስት መጨረሻ ባሉት ወራት ነው። የአውሮፓን እግር ኳስ የለመደ ሰው እዚህ ግር የሚለው ነገር አለ፤ ሀብታም ክለብ ገንዘቡን አፍስሶ የፈለገውን ተጫዋች መሰብሰብ አይችልም። ለ32ቱም ክለቦች እኩል የደሞዝ ጣሪያ ተቀምጧል። ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆችም ክለቦቹ የሚከፋፈሉት በድራፍት፣ ማለትም በሰባት ዙር ተራ በተራ በመምረጥ ነው።

የጥሩ ዕቅድ ምልክቱ አንድ ነው። ኤፕሪል ላይ ድራፍቱ ሲደርስ ክለቡ «ይህን ቦታ ዛሬ ካልሞላሁ አለቀልኝ» የሚል ጭንቀት የለበትም። ተርቦ ገበያ የወጣ ሰው ዋጋ አይከራከርም፤ ያገኘውን ይዞ ይመለሳል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ክለቡን ጠግቦ ወደ ገበያ ለመላክ የተሰናዱ ናቸው። ወረቀት ይያዙና ለሚደግፉት ቡድን ይሞክሩት። ዓመተ ምሕረቱና ወሩ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

1. ሒሳቡን ይሥሩ

ጣሪያው በ1994 ሲጀመር 34.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2025 ወደ 279.2 ሚሊዮን ደርሷል። በየዓመቱ ስለሚለወጥ የዓመቱን ቁጥር ይያዙ። በዕረፍት ወራት ከተጫዋቾች ውል ውስጥ የሚቆጠሩት ከፍተኛ ክፍያ ያላቸው 51ዱ ናቸው። በዚያ ላይ «የሞተ ገንዘብ» የሚባለው ይደመራል፤ ይኸውም ክለቡን ለቀው የሄዱ ተጫዋቾች ሲፈርሙ የተከፈላቸው፣ በሒሳብ ግን በውሉ ዓመታት ላይ ስለሚበተን ገና ያልተወራረደ የፊርማ ገንዘብ ነው። ካለፈው ዓመት ሳይወጣ የቀረ ገንዘብ ካለ ደግሞ ለክለቡ ይጨመርለታል።

ለምሳሌ 51ዱ ውሎች 251 ሚሊዮን፣ የሞተው ገንዘብ 18 ሚሊዮን፣ ካለፈው ዓመት የተሻገረው 6 ሚሊዮን ቢሆን፣ በ2025 ጣሪያ 16.2 ሚሊዮን ይተርፋል። ብዙ ደጋፊ እዚህ ላይ ቆሞ ኮከብ መግዛት ይጀምራል። ስህተቱ ይህ ነው። ውድድሩ ሲጀመር 52ኛውና 53ኛው ተጫዋች ይቆጠራሉ፤ በ2025 በነበረው የ840 ሺህ ዝቅተኛ ደሞዝ ወደ 1.7 ሚሊዮን ይወስዳሉ። 16 ሰው ያለው የልምምድ ቡድን አለ፤ በሳምንት በ13 ሺህ ዶላር ለ18 ሳምንት ሲሰላ ወደ 4 ሚሊዮን ይጠጋል። ተጫዋች ሲጎዳ ምትክ ማምጫ ቢያንስ 5 ሚሊዮን መያዝ አለበት። ለድራፍት ልጆች በተጣራ 3 ሚሊዮን ይያዙ፤ በተጣራ ያልነው አንድ አዲስ ልጅ 3 ሚሊዮን ይዞ ሲገባ 1 ሚሊዮን የነበረውን 51ኛውን ሰው ከሒሳብ ስለሚያስወጣ ጭማሪው 2 ሚሊዮን ብቻ በመሆኑ ነው። ይህ ሁሉ ሲቀነስ ከ16.2 ሚሊዮኑ በእጅ የሚቀረው 2.5 ሚሊዮን ነው።

ቦታ ማስፋት የግድ ከሆነ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ማሰናበት ነው። ደሞዙ 10 ሚሊዮን የሆነ፣ የፊርማ ገንዘቡም በዓመት 4 ሚሊዮን እየተባለ ለሁለት ዓመት የቀረው ተጫዋች አለ እንበል። በዚህ ዓመት ሒሳብ 14 ሚሊዮን ይይዛል። ሲያሰናብቱት የቀረው 8 ሚሊዮን በአንድ ጊዜ ስለሚወድቅ የሚተርፈው 6 ሚሊዮን ብቻ ነው። «ከጁን 1 በኋላ» ተብሎ ከተሰናበተ የሞተው ገንዘብ ለሁለት ዓመት ተከፍሎ የዚህ ዓመት ትርፍ 10 ሚሊዮን ይሆናል፤ ክለቡ በዓመት ለሁለት ተጫዋች ይህን ማድረግ ይችላል። ግን ልብ ይበሉ፤ ያ ገንዘብ እጅ የሚገባው ጁን ላይ ነው። ማርች ላይ ተጫዋች ሊያስፈርሙበት ያቀዱ ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።

ሁለተኛው ደሞዝን ወደ ፊርማ ገንዘብ መለወጥ ነው። 12 ሚሊዮን ደሞዝ አራት ዓመት በቀረው ውል ላይ ሲበተን በዓመት 3 ሚሊዮን ይሆናል፤ ዘንድሮ 9 ሚሊዮን ይተርፋል፣ በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ግን በያንዳንዱ 3 ሚሊዮን ይጨመራል። ይህን ዕድሜው 25 ለሆነ ጎበዝ ማድረግ ያስኬዳል። ዕድሜው ለገፋ ተጫዋች ማድረግ ግን የማይቀር ዕዳ መግባት ነው። ዴንቨር ብሮንኮስ ራስል ዊልሰንን በ2024 ሲያሰናብት ወደ 85 ሚሊዮን ዶላር የሞተ ገንዘብ በሁለት ዓመት ተሸክሟል።

2. ሁለት ዓመት አሻግረው ይዩ

ለእያንዳንዱ የመጫወቻ ቦታ ተሰላፊውን፣ ተጠባባቂውን፣ ዕድሜያቸውንና ውላቸው የሚያልቅበትን ዓመት ይጻፉ። ዘንድሮ ውሉ የሚያልቀውን በቀይ፣ ከርሞ የሚያልቀውን በሰማያዊ ያስምሩ። ቀዩ የማርች ሥራ ነው፤ ሰማያዊው የድራፍት። ምክንያቱም ከኮሌጅ የመጣ ልጅ፣ በተለይ ኳርተርባኩን፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪውን የጥቃት መሪ፣ የሚጠብቀው ታክልና በመከላከል ክንፍ የሚሮጠው ኮርነርባክ፣ ለመብሰል አንድ ዓመት ሊወስድበት ይችላል። ቀዩን ቀዳዳ በ21 ዓመት ልጅ የደፈነ ቡድን መከራውን ኦክቶበር ላይ ያየዋል።

3. ማን ይቀራል?

ውሉ ያለቀ አንድ ተጫዋች በ«ፍራንቻይዝ ታግ» ለአንድ ዓመት ማቆየት ይቻላል። የሚወሰነው ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ማርች መጀመሪያ ነው። በተለመደው ዓይነት ታግ ሌላ ክለብ ዋጋ አቅርቦ ተጫዋቹን መውሰድ ቢችልም፣ የቀድሞው ክለብ ያንን ዋጋ አልከፍልም ካለ ሁለት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ይካሳል። ገንዘቡ ውድ ከመሆኑም በላይ ክፍያው በሙሉ የአንድ ዓመት ጣሪያ ላይ ያርፋል፤ በተከታዩ ዓመት ቢደገም ደግሞ የቀድሞው ክፍያ 120 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ታግ ረጅም ውል እስኪፈረም ጊዜ መግዣ ነው።

4. ማርች፦ ቀዳዳ ይድፈኑ፣ ቤት አይሥሩ

አዲሱ የሊግ ዓመት ማርች አጋማሽ ላይ ይጀምራል፤ ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ከተጫዋቾች ወኪሎች ጋር መነጋገር ይፈቀዳል። በነዚህ ሁለት ቀናት ዋጋ ሰማይ ይነካል፤ መካከለኛ ተጫዋች በኮከብ ዋጋ ይሄዳል። ከሳምንት በኋላ የአንድ ዓመት ውል የሚቀበሉ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ገበያ ላይ ይቀራሉ። ቀያዮቹን መስመሮች በነሱ ይሙሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ደጋፊ የማያየው ጥቅም አለ። ክለቡ ውላቸው አልቆ በሌላ የተወሰዱበት ነጻ ተጫዋቾች እሱ ካስፈረማቸው ከበለጡ፣ በሚቀጥለው ድራፍት ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ዙር እስከ አራት የሚደርስ የካሳ ምርጫ ያገኛል። በክለቡ የተሰናበተ ተጫዋች ግን በዚህ ስሌት አይቆጠርም። ሁለት ተመሳሳይ ተጫዋቾች ካሉ የተሰናበተውን ያስፈርሙ፤ ካሳዎን አያጡም።

5. የስም ሰሌዳውን ያዘጋጁ

የመልማዮች ዋና ሥራ የሚታየው እዚህ ነው። ጃንዋሪ መጨረሻ አካባቢ በሞቢል አላባማ ሲኒየር ቦውል የሚባለው የኮሌጅ ልጆች ጨዋታ አለ፤ ከዚያ በኢንዲያናፖሊስ ኮምባይን የሚባለው የልጆቹ መፈተኛ ይካሄዳል። ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው የ40 ያርድ ሩጫውንና 225 ፓውንድ፣ ማለትም 102 ኪሎ ገደማ፣ ስንት ጊዜ እንደተነሳ ነው። ክለቦች ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት ግን የሐኪም ምርመራውንና ቃለ መጠይቁን ነው። ጉልበቱ ሁለት ጊዜ የተቀደደ ልጅ የቱንም ያህል ቢፈጥን ከሰሌዳው ይወርዳል። ከዚያም እያንዳንዱ ክለብ እስከ 30 ልጆች ጊቢው ድረስ ጋብዞ ማነጋገር ይችላል።

ለደጋፊ 100 ስም ይበቃል። ከ1 እስከ 100 አይደርድሩ፤ በደረጃ ይክፈሉ። አንደኛው ደረጃ «ገና ሲገባ ተሰላፊ፣ ቆይቶ ኮከብ»፣ ሁለተኛው «በአንድ ዓመት ውስጥ ተሰላፊ»፣ ሦስተኛው «ጠቃሚ ተጠባባቂ»። ሕጉ ቀላል ነው፤ ከላይኛው ደረጃ ሰው እያለ ታችኛውን አይንኩ፣ በአንድ ደረጃ ውስጥ ካሉት ግን የሚያስፈልግዎትን ቦታ ይምረጡ።

በመጀመሪያው ዙር ዋጋን ያስቡ። የአዲስ ልጅ ደሞዝ የሚወሰነው በተመረጠበት ቁጥር ነው፤ ቦታው ለውጥ አያመጣም። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ ለስድስት ዓመት እስከ 78 ሚሊዮን ፈርሞ ነበር፤ ደንቡ ተለውጦ በ2011 አንደኛ የወጣው ካም ኒውተን ለአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ገደማ ነበር ያገኘው። ስለዚህ በገበያ በጣም ውድ የሆኑትን፣ ማለትም ኳርተርባክ፣ ታክል፣ ከጠርዝ ኳርተርባክ የሚያሳድድ ተከላካይ፣ የተወረወረውን ኳስ የሚቀበል ሪሲቨርና ኮርነርባክ፣ በመጀመሪያው ዙር መውሰድ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ራኒንግ ባክና ከታክሉ ጎን የሚቆመውን ጋርድ በኋላ ዙር ወይም በማርች ገበያ በርካሽ ማግኘት ይቻላል።

6. ልውውጡን በቁጥር ይመዝኑ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጂሚ ጆንሰን ዳላስ ካውቦይስን ሲያሠለጥን የተሠራው ሠንጠረዥ ዛሬም መነሻ ነው። 1ኛው ምርጫ 3000፣ 10ኛው 1300፣ 20ኛው 850፣ 32ኛው 590፣ 45ኛው 450 ነጥብ ነው። 10ኛውን ሰጥቶ 20ኛውንና 45ኛውን መቀበል እኩል ነው ማለት ነው። የሚቀጥለው ዓመት ምርጫ በአንድ ዙር ዝቅ ተደርጎ ይታሰባል።

20ኛ ነዎት እንበል። በሁለተኛው ደረጃ አምስት ስም ቀርቷል፤ አምስቱም ደስ ይሉዎታል። 24ኛው 740 ስለሆነ ከዚያ ክለብ 110 ነጥብ፣ ማለትም የሦስተኛው ዙር መጨረሻ ምርጫ፣ ጠይቀው ወደ ታች ይውረዱ። ቢበዛ አራቱ ይወሰዳሉ፤ አንዱ ይቀርልዎታል፣ ተጨማሪ ልጅም ያገኛሉ። ለዚህ ነው ሰሌዳው በደረጃ የተከፈለው።

ወደ ላይ መውጣት የሚገባው ለኳርተርባክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካንሳስ ሲቲ በ2017 ከ27ኛ ወደ 10ኛ ለመውጣት የሦስተኛ ዙርና የቀጣዩን ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ጨምሮ ፓትሪክ ማሆምስን አገኘ። በ1999 ኒው ኦርሊንስ የዓመቱን ምርጫዎቹን በሙሉ፣ የቀጣዩን ዓመት አንደኛና ሦስተኛ ዙር ጭምር ለአንድ ራኒንግ ባክ ሰጠ፤ በዚያ ዓመት ያሸነፈው ሦስት ጨዋታ ብቻ ነው። ልጁ ጎበዝ ነበር፤ በዙሪያው የሚቆም ሰው ግን አልተረፈም።

7. የምርጫው ቀናት

ሐሙስ አንደኛው ዙር፣ ዓርብ ሁለተኛውና ሦስተኛው፣ ቅዳሜ ከአራት እስከ ሰባት ነው። እስከ 2025 ድረስ ለአንድ ምርጫ በአንደኛው ዙር 10፣ በሁለተኛው 7፣ እስከ ስድስተኛው 5፣ በመጨረሻው 4 ደቂቃ ነበር የሚሰጠው። የልውውጥ ንግግር በነዚህ ደቂቃዎች ያልቃል፤ ስለዚህ ስሙ ቀድሞ መወሰን አለበት። በ2003 ሚኒሶታ 7ኛ ምርጫውን ሲደራደር ሰዓቱ አለቀበት፤ ጃክሰንቪልና ካሮላይና ቀደሙት። ግን የሚፈልገው ኬቪን ዊሊያምስ እስከ 9ኛ ቆየለት፤ ሰሌዳው ዝግጁ ስለነበር አልተደናገጠም። የ2027 ድራፍት በዋሽንግተን ዲሲ ናሽናል ሞል እንደሚካሄድ ስለተነገረ፣ እዚያ አካባቢ ያለው ሕዝባችን ይህን ሩጫ በዓይኑ የማየት ዕድል አለው።

8. ቅዳሜ ማታና ከዚያ ወዲህ

ሰባተኛው ዙር እንዳለቀ ያልተመረጡ ልጆችን ለማስፈረም ስልክ ይደወላል። 15 ስም አስቀድመው ይያዙ፤ ተጠባባቂ የሳሳበትን ቦታ ያስቀድሙ፣ ልጁም የሚመርጠው የመሰለፍ ዕድል ያለበትን ክለብ ነው። ከርት ዋርነርና አንቶኒዮ ጌትስ ሳይመረጡ ገብተው ክብር አዳራሽ ደርሰዋል። ሜይ መጀመሪያ ላይ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በአንደኛ ዙር የተወሰደው ልጅ አምስተኛ ዓመት ይራዘምለት እንደሆነ ይወሰናል። ከድራፍቱ ቀጥሎ ካለው ሰኞ በኋላ የሚፈርም ነጻ ተጫዋች የካሳውን ስሌት አይነካም፤ ያልተደፈነ ቀዳዳ ካለ ጊዜው ያኔ ነው።

90 ሰው የነበረው ቡድን ኦገስት መጨረሻ ወደ 53 ይወርዳል። በማግስቱ ከሌሎች ክለቦች የተቀነሱ ወጣቶች ይጠየቃሉ፤ እስከ ሦስተኛው የውድድር ሳምንት ቅድሚያው ባለፈው ዓመት ዝቅተኛ ውጤት ላመጣው ነው። ቡድንዎ ከታችኞቹ አሥር ውስጥ ከሆነ በዕቅድዎ ላይ 51 ስም ብቻ ይጻፉና ሁለቱን መስመር ባዶ ይተዉ።